የሪያድ እድር ምርጫና የእኔ ምርቃት

የመራጭን ጠባይ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ሰው ለምርጫ ጆሮውን የሚሰጠው መቼ ነው፣ ልቡንስ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያዘነብለው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አቀርብ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ስለዚህም ሆነ ስለ ሌላ ነገር በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም፤ በአገራችን ዝም ያለ ሰው ከተናገረ ሰው ያነሰ ማብራሪያ ይጠየቃል። ይህን የምጽፈው ሪያድ ሄጄ ያየሁት ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ስለ ተሰነቀረ ነው። ደግሞም ከተማዪቱን በዓይናቸው ያላዩ፣ ነገር ግን ልጅ ወይም እኅት እዚያ ያለቻቸው ብዙ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የጠራኝ የእኅቴ ልጅ ሰይድ ነው። እኅቴ ሙስሊም አግብታ የእርሷ ልጆች ሙስሊም፣ የእኔ ክርስቲያን ሆነው አድገዋል፤ ደሴ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም። ሰይድ ሪያድ ውስጥ ዑረይጃ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነው። ከወሎ የሄዱት ሠራተኞች በመካከላቸው እድር አቋቁመዋል። ባለፈው ጊዜ ሊቀመንበር ሊመርጡ ተሰብስበው ተጣልተው ስለ ተበተኑ በዚህኛው ላይ አስመራጭ ከአገር ቤት እንዲመጣ ተስማሙ።

«ጋሼ፣ ከማንም ያልወገነ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ይፈለጋል ሲባል ሁሉም የእርስዎን ስም ጠራ» አለኝ በስልክ።

ሙገሳ ይሁን ስድብ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ እሺ አልሁ።

ሰኞ

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሪያድ በረርሁ። ሻንጣዬ የራሴ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መሄዴ ከተሰማ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሶ፣ ድርቆሽና በርበሬ እያመጣ ሞላው። እኔ የያዝሁት ሁለት ሸሚዝና ሁለቱ የሊቀመንበርነት ተወዳዳሪዎች በየጉዳዩ የቆሙበትን ጎን ለጎን ያነጻጸርሁበትን ጽሑፍ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ደክሜበታለሁ። ተወዳዳሪዎቹን በስልክ እየጠየቅሁ፣ መልሳቸውን እያረምሁ፣ ማንም ማንበብ የሚችል ሰው በቀላሉ እንዲረዳው አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት።

ሪያድ ስንደርስ ከአንዲት ወይዘሮ የተላከው የበርበሬ ከረጢት ሻንጣው ውስጥ ፈንድቶ ነበር። ሸሚዞቼም ጽሑፎቼም ደም የነካቸው መሰሉ። ፈታሹ ወጣት ክዳኑን ከፍቶ አነጠሰ፤ ወዲያው ክዳኑን ዘግቶ በእጁ ሂድ አለኝ። ከዚህ የፈጠነ ፍተሻ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሰይድ ሊቀበለኝ ዘገየ። አሠሪዎቹ ድንገት ገበያ ልከውት ነበር። ሲመጣ እጄን ስሞ፣ አቅፎኝ፣ ሻንጣዬን ነጥቆ፣ «ያላ ጋሼ፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል» ብሎ አጣደፈኝ። የሪያድ መንገድ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሰው ግን የለበትም። ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ የሚወርድ ሰው በሰላምታ ብዛት ይደክማል፤ እዚህ ዑለያ በሚባለው ሰፈር ፎቆች ሥር ስናልፍ በእግሩ የሚሄድ ሰው ፈልጌ አንድ መስታወት ወልዋይ ብቻ፣ እርሱንም በገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ።

ማክሰኞ

ያደርሁት ፉጣ በሚባለው የድሮ ሰፈር፣ የሠራተኞች ማደሪያ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤቴን ሳል፣ የጎረቤቴን ጸሎት፣ የጎረቤቴን ከሚስቱ ጋር በስልክ የሚያደርገውን ጭቅጭቅ ሁሉ ሰምቻለሁ። ቁርስ ያመጣልኝ ይኸው የሚጨቃጨቀው ጎረቤት ነበር። ባቄላና ትኩስ ዳቦ አስቀምጦ፣ «እንግዳ ነዎት ወንድሜ፣ አይከፍሉም» ብሎ ወጣ። በነገታውም እንዲሁ አደረገ።

እድሩ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቷል። በሰው ቤት ሲሠሩ የታመሙ ሴቶች አገራቸው እስኪገቡ የሚያርፉባት ናት። የምርጫው ሁሉ ነገር በዚህች ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ይማም ባጣ በሚባለው ገበያ የሐበሻ ቅመምና እንጀራ ይሸጣል፤ ክፍሏ ለአከራዩ ትመለስ፣ የኪራዩ ገንዘብ የሞቱትን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ይዋል ይላል። ሁለተኛዋ ራውዳ ዑረይጃ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ክፍሏ ከምትዘጋ ሌላው ነገር ይቅር ትላለች። ሁለቱም ክርክር ያነሳቸው ሰዎች አይደሉም። ሬሳው በባዕድ አገር በረዶ ቤት የቆየበት ቤተሰብ ይማምን አይወቅሰውም።

ሰይድ ክፍሏን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በዚያን ጊዜ የተኛችባት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከዲጃ ትባላለች፣ የወረባቦ ልጅ ናት። መስኮት ስታጸዳ ከመሰላል ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። አሠሪዋ፣ እነርሱ ከፊል የሚሉት ሰው፣ አሳክሟታል፤ ኹሩጅ የሚባለውን ከአገሩ የመውጫ ወረቀትም ሰጥቷታል። ሐኪሙ ግን መቀመጥ ሳትችል አውሮፕላን አትሳፈሪም ብሏታል። መቀመጥ አትችልም። በጎኗ ተኝታ ነው ያናገረችኝ።

«ክፍሏ ከተዘጋች የት ትሄጃለሽ?» አልኋት።

«ወዴት እሄዳለሁ ጋሼ? ከፊሌ ሌላ ሠራተኛ አስገብቷል። ሰይድ መኪና ውስጥ ካላስተኛኝ።»

«የዓርቡን ምርጫ ታዲያ እንዴት ታይዋለሽ?»

«የምን ምርጫ?» አለችኝ።

ሰይድ ጣሪያውን ተመለከተ። እኔ ተቆጣሁ፤ ቁጣዬን ግን ዋጥሁ። ከሰዓት በኋላ ባጣ ገበያ ወጥቼ ያገኘሁትን የእድር አባል ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ «ዓርብ ይድረስ ኢንሻአላህ፣ ያን ቀን አስባለሁ» አለኝ። ሌላው «እነማን ናቸው የቀረቡት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው «የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አለ፤ «ሁለቱም የቃሉ ወረዳ» ስለው ተበሳጨ። ሦስተኛው ቀዩን ጽሑፌን ተቀብሎ አሸተተው። «ጥሩ በርበሬ ነው» አለ።

በደሴ እድራችን ጡሩምባ ሲነፋ የማይወጣ ሰው የለም፤ ቢያንስ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ያሉት ሰዎች በየኪሳቸው ከጡሩምባ የበለጠ መጣሪያ ይዘው ምንም አልሰሙም።

ረቡዕ

ተወዳዳሪዎቹ በእድሩ የስልክ ቡድን ላይ እንዲከራከሩ ሰዓት ቆርጬ ነበር። ጥያቄዎቹን በሚገባ ሰድሬያለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ይማም ገባ፤ ከጀርባው ደንበኞች ይጮሃሉ። «የቆየ ነው? አይ እህቴ፣ ሽሮው ትናንት የመጣ ነው... ይቀጥሉ ጋሼ፣ እየሰማሁ ነው።» ራውዳ ከወጥ ቤት ሆና በሹክሹክታ ገባች። ስለ ክፍሏ መናገር ጀምራ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ፣ «ማዳም መጣች፣ ልዝጋ» ብላ ጠፋች። ከአባላቱ የአበባ ሥዕል የላከ አለ። «ጁምዓ ሙባረክ» ብሎ የላከም አለ፤ ቀኑ ግን ረቡዕ ነበር።

ክርክሩን ዘጋሁት። ለሰይድ እንዲህ አልሁት፤ «እኔ ያስተማርሁት መራጭ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይነቃል። የእናንተ በየትኛው ዘመን ነው የሚነቃው?»

«ጋሼ፣ የሰው ቤት የሚሠራ ሰው የሚነቃው ሲጠሩት ነው» አለኝ። ቀልዱን ባልወደውም ሳቅሁ።

ሐሙስ

ይማም ምሳ ጠራኝ። ከተወዳዳሪ ቤት መብላት ተገቢ መስሎ አልታየኝም፤ ሰይድ ግን «ከአገር የመጣ ሽማግሌ ደጁን ረግጦ ሳይበላ ከሄደ ሰውዬው ምን ይባላል?» አለኝ። እውነት ነው፣ እንቢታዬም አቋም ሆኖ ይቆጠራል። ሄድሁ።

ይማም ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። ደግ ሰው ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። «የእኛን እርድ እንደማይበሉ ስለማውቅ ዓሣ ነው ያሠራሁት» ብሎ ትልቅ ዓሣ ከእንጀራ ጋር አቀረበልኝ፤ እሾሁን በእጁ እየለቀመ አጎረሰኝ። ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በልተን ስንጨርስ እርሱ፣ ሚስቱና አብሮኝ የመጣው ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው «ይመርቁን» አሉ። ሚስቱ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች፤ ኮምቦልቻ ላሉት እናቷ ልትልክላቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። የበላ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይነሣም። መረቅሁ። ቤትህ ይስፋ አልሁ፤ ያበላኸኝ አይጉደልብህ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ፣ የተናገርኸው ይሰማልህ፤ አባቴ ሲመርቅ ይል የነበረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አልሁ። በየመሐሉ «አሜን፣ አሜን» ይሉኛል። ሰይድ ራሱ በደስታ ይወዛወዝ ነበር።

ማደሪያዬ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የሰይድ ስልክ መጮህ ጀመረ። አላቆመም። የይማም ሚስት ለእናቷ የላከችው ምርቃት ለእኅቷ ደርሷል፣ ከእኅቷ ጅዳ ላለች ጓደኛዋ፣ ከጓደኛዋ ወደ እድሩ ቡድን። ትናንት አበባ የላኩት ሁሉ ነቅተዋል። «ጋሼ ይማምን መረቁት!» «በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ ብለውታል፣ ምን ቀረ?» «እኔ ከእንግዲህ ከምርቃት ጋር አልጣላም።» ዑለያ ሕንፃ የሚጠርጉት፣ ዑረይጃ ሕፃን የሚይዙት፣ ማንን ልምረጥ ሲሉ የነበሩት ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆረጡ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ የራሴ አንደበት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ መልስ የጻፈልኝ ተማሪ ቢኖር ወረቀቱን በመለስሁለት።

«የማንም ወገን አይደለሁም ብዬ ልናገር» አልሁ።

ሰይድ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ይተዉ። ምርቃት መመለስ መራገም ነው። ሕፃን ልጅ አለው።»

ተውሁት። እውነቱን ነበር፤ አባቴም ቢኖር ይህንኑ ይለኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ራውዳ ደወለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ፣ እኔ ቤት የለኝም እንጂ ጠርቼ አበላዎት ነበር። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ማን እንግዳ ይጠራል?»

ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ? በዕረፍት ቀኗ ክፍሏን የምታጸዳት፣ በየሾፌሩ እጅ ለከዲጃ ምግብ የምትልክላት እርሷ ናት። የተሸነፈችው ግን ሰው የምታስቀምጥበት ማዕድ ስለሌላት ነው።

ዓርብ

ስብሰባው ከጁምዓ ሶላት በኋላ በከተማው ዳር፣ ኢስቲራሓ በሚሉት የኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አጥር አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ ወንዶችና ሴቶች በመጋረጃ የሚለዩበት ሰፊ አዳራሽ አለው። ሰዓቱ አልፎ ማንም አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ሴቶቹ በየሾፌሩ መኪና ተጠቅጥቀው ደረሱ። ለአንዳንዶቹ ማዳሞቻቸው የሰጧቸው ፈቃድ ከመድረሳቸው በፊት ሊያልቅ የተቃረበ ነበር። የምርጫ ሣጥን ብዬ ያዘዝሁት የተምር ካርቶን ሆኖ መጣ፤ ውስጡ ገና ተምር ነበረበት፣ ተበልቶ እስኪያልቅ ጠበቅን።

ተነሥቼ ቀዩን ጽሑፌን ማንበብ ጀመርሁ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሳልደርስ አንዱ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ እሱን ይተዉትና ይመርቁን!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሌላው፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ መርቀዋል እኮ! እንምረጥና እንሂድ» አለ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ጽሑፌን አጠፍሁት።

«የሐሙሱን ምርቃት የሰማ እጁን ያውጣ» አልሁ።

ሁሉም አወጣ። ከመጋረጃው ማዶም «ሰምተናል!» አሉ።

«እስከ መጨረሻው የሰማ?»

እጆች ወረዱ። አንዱ ራሱን አከከ። «ረጅም ነው እኮ ጋሼ» አለኝ፤ «ሞገሱ ጋ ሲደርስ ላክሁት።» ደግሞ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሰው ምርቃት ግማሹን ሰምቶ የሚያስተላልፍ ሕዝብ የሰው ፕሮግራም ያነብልኛል ብዬ ስንት ሌሊት ነው የደከምሁት?

ሰይድን «አሰማቸው» አልሁት። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስጠጋው። የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ቤትህ ይስፋ፤ አሜን። ሞገስ ይስጥህ፤ አሜን። ከዚያ ማንም ያልሰማው መጣ፦

«ለታመመ ማረፊያ፣ ለተገፋ ጥግ ያድርግህ። በአንተ ዘመን ከእኅቶችህ አንዷም ወድቃ የምትገባበት አትጣ።»

«አሜን!» አለ ይማም በቀረጻው ውስጥ፣ ከሁሉም ጎልቶ።

ይህን ያልሁት አባቴም ይለው ስለ ነበር ነው። ማክሰኞ ያየኋት ልጅ በዚያች ሰዓት በልቤ አልነበረችም ብዬ ግን አልምልም።

በመጀመሪያ ከመጋረጃው ማዶ የተናገረችው ራውዳ ነበረች።

«ይማም፣ ያ አሜን የሚለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እህቴ።»

«የፉጣዋን ክፍል ትዘጋለህ ወይስ አትዘጋም?»

«ራውዳ፣ እሱ እኮ ዱዓ ነው» አለ ይማም ግንባሩን እየጠረገ። «ፕሮግራሜ ሌላ ነው፤ ጋሼ ጽፈውታል።»

«ፕሮግራምህንማ ማን አነበበው!» አለች ሌላ ሴት፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ከየአቅጣጫው መጣበት። «ሞገሱን ወስደህ ማረፊያውን ልትተው ነው?» «ምርቃት እንደ ሥጋ እየመረጡ ይበላል እንዴ?» «ልጅ አለህ ይማም! ወላሂ፣ አሜን ብለህ እንዳትገለብጠው!»

የእርሱን ፊት አየሁት። ምርጫውን መሸነፍ ያስፈራው አይመስለኝም፤ አሜን ያለውን መመለስ ግን አስፈራው። ስለ ሬሳዎቹ ሊናገር ጀምሮ ተወው። በመጨረሻ እጁን አነሣ።

«አሜን ብያለሁ፤ አልመልሰውም» አለ። «ክፍሏ ትቆያለች። ለሬሳው ሌላ እናዋጣለን። ኸላስ!»

እልልታው ጆሮዬን ወጋኝ። ወረቀት ጣሉ፤ ቆጠርን። ይማም በሰፊ ልዩነት ተመረጠ።

በመውጫው ላይ ራውዳን አገኘኋት። ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ያቸኩላታል።

«ለማን ሰጠሽ?» አልኋት፤ አስመራጭ ይህን መጠየቅ እንደሌለበት እያወቅሁ።

«ለይማም።»

«ለይማም!»

«አሜን አለ እኮ ጋሼ። እኔ ሊቀመንበር ብሆን ስብሰባ የምመጣው ማዳም ስትፈቅድ ነው።»

አልተዋጠልኝም። እስካሁንም አልተዋጠልኝም። ክፍሏን የጠበቀችው ሴት ተሸንፋ፣ ሊዘጋት የነበረው ተመርጦ፣ ክፍሏ ተረፈች። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። መልሱ ትክክል ሆኖ አሠራሩ ከአናት እስከ እግር የተሳሳተ ሒሳብ ያረመ መምህር ብቻ ስሜቴን ይረዳዋል።

ቅዳሜ

ይማም ራሱ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ፤ ሰይድ አሠሪዎቹን ወደ ሠርግ ወስዷቸው ነበር። ያንኑ የተምር ካርቶን በአዲስ ተምር ሞልቶ ሰጠኝ። ስንለያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ዘረጋ። ስልኩን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ኪሱ ውስጥ ነበር። መረቅሁት፤ በአጭሩ።

ደሴ ስደርስ ዝናብ ነበር፤ ብርዱን ወደድሁት። ከበርበሬ የተረፉትን ወረቀቶቼን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁባቸው።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ ተንኳኳ። ከዲጃ ነበረች፤ ምርኩዝ ይዛ፣ ከእናቷ ጋር። ሐኪሙ ፈቅዶላት ከገባች ሳምንት ሆኗታል፤ ወደ ወረባቦ ከመሄዷ በፊት ልታመሰግነኝ መጣች። ለምን እንደምታመሰግነኝ በደንብ የምታውቅ አልመሰለኝም። ስለ ጉዞዋ፣ ስለ ራውዳ፣ ስለ ሰይድ አወራችኝ። ከዚያ ድንገት ያስታወሰች መሰለች።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ማን ተመረጠ?»

ከጠበቅሁት ጥያቄ ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነበር።

«ይማም» አልኋት።

«ይማም? ክፍሏን ይዘጋታል ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«ይሉ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይዘጋት ቀረ?»

ብዙ ዓመት ሰው ጠይቆኝ በአንድ ቃል የመለስሁ ሰው ነኝ። ከግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር አመለከትኋት።

«ረጅም ነው፤ ቁጭ በይ።»

ምርኩዟን ለእናቷ ሰጠች። የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።